የእንቅልፍ ማጣት መድኃኒቶች፦ ጥቅምና ጉዳታቸውን ስለ መመዘን



ንግግሬን ከራሴ ቤት ልጀምር። አባቴ ያረፉ ሰሞን እናቴ እንቅልፍ አጡ። ሐኪሟ ዲያዜፓም 5 ሚሊግራም ለሁለት ሳምንት አዘዘችላቸው። ትእዛዙ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ብጠየቅ ስሕተት ነው አልልም። ሁለቱ ሳምንት ግን ሦስት ዓመት ሆነ። ክኒኑን ከመድኃኒት ቤት የማመላልሰው ደግሞ እኔው ነበርኩ፤ የመድኃኒትን ጠባይ ለእናንተ የማስተምረው ሰው። አንድ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ።

አስቀድመን ፍርዳችንን እናስተካክል፤ መድኃኒቶቹ ይሠራሉ። ቤንዞዲያዜፒኖችም ሆኑ እነ ዞልፒዴም፣ ጋባ የተባለውን የአንጎል አረጋጊ ንጥረ ነገር ሥራ ያበረታሉ፤ ሰውም ይተኛል። የሚያከራክረው መጠኑ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረጉ 24 ሙከራዎችን አሰባስቦ መርምሯል። ክኒኑን የወሰዱት፣ አስመሳይ ክኒን ከወሰዱት ይልቅ በአማካይ 25 ደቂቃ ያህል አብልጠው ተኝተዋል። የአንድ ሰው እንቅልፍ ጥራቱ እንዲሻሻል 13 ሰው መታከም ነበረበት፤ አንድ ሰው የጎንዮሽ ጉዳት እንዲያገኘው ግን 6 ሰው መታከሙ በቂ ነበር።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ መፍረድ ግን ችኮላ ነው። ያ ጉዳት የጠዋት መፍዘዝ ሊሆን ይችላል፤ የተሰበረ አጥንትም ሊሆን ይችላል። ሐዘን ላይ ለተቀመጠ ሰውም 25 ደቂቃ ትንሽ አይደለችም። ስለዚህ እኔ ሚዛኑ ላይ ሦስተኛ ነገር እጨምራለሁ፤ ጊዜን። ጥቅሙ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይጎላል፤ ሰውነት መድኃኒቱን እየለመደ ሲሄድ ይደበዝዛል። ጉዳቱ ግን ይከማቻል። ዲያዜፓም በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ይወስዳል፤ ጉበት ከእርሱ የሚያወጣው ሌላው ንቁ ውህድ ደግሞ ከዚያም ይቆያል። በየሌሊቱ ለሚወስድ አረጋዊ የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው ይታከልበታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ከሕመምተኛውም ከሐኪሙም ዓይን የሚሰወረው ጉዳት ነው። ለወራት የወሰደ ሰው አንድ ቀን በድንገት ያቆማል። ያን ሌሊት ዓይኑ አይከደንም፤ ምናልባት ከመጀመሪያው ሕመሙም ይብስበታል። ይህ መድኃኒቱ በመቋረጡ የመጣ የጥቂት ሌሊቶች መልስ ምት ነው። ሰውየው ግን “አየህ፣ ያለ ክኒኑ አልተኛም” ብሎ ይደመድማል። ጉዳቱ የጥቅም ልብስ ለብሶ ይመጣበታል ማለት ነው። ማዘዣው በዚህ ምክንያት ይታደሳል፤ የሚያድሰውም ሰው ክፉ ሠራሁ ብሎ አያስብም። እኔም አላሰብኩም።

አዲስ መድኃኒት ከዚህ ያድነናል ብሎ መቸኮልም አይገባም። ዞልፒዴም በአሜሪካ የተፈቀደው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የሴቶችን መነሻ መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም እንዲቀንስ ያደረገው በ2013 ነው፤ መድኃኒቱ ጠዋት መኪና መንዳትን እስኪያሰናክል ድረስ በደማቸው እንደሚቆይ ስለታየ። ሃያ ዓመት! በ2019 ደግሞ በእንቅልፍ ልብ ስለ መሄድና ስለ መንዳት ጠንካራውን ማስጠንቀቂያ አከለበት።

ለተማሪዎች አንድ ነገር በመሃል ላንሳ። ለፈተና ጫት ቅሞ፣ ምርቃናውን ለማብረድ ዲያዜፓም የሚውጥ፣ ይባስ ብሎ መጠጥ የሚጨምርበት መኖሩን ሁላችን እናውቃለን። አልኮልና ይህ ክኒን በአንድነት ትንፋሽን ያዳክማሉ። ይህ ከጥቅምና ጉዳት ሚዛን ውጭ ነው።

የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ ማጣት ቀዳሚው ሕክምና የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና እንዲሆን መክሯል። ምክሩን እቀበላለሁ። ሆኖም ክኒኑ በየመንደሩ መድኃኒት ቤት ሲገኝ ባለሙያው አይገኝም፤ ሕመምተኛን ወደሌለ በር መላክ ደግሞ ሕክምና አይባልም። ከሕክምናው ውስጥ ጤና ጣቢያ ያለ ነርስ እንኳ ልታስተምረው የምትችለው አለ፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሣት፣ እንቅልፍ እንቢ ሲል ከአልጋ መውረድ፣ አልጋን ለመተኛት ብቻ መጠቀም። የማታ ቡናን ነገር እናቴ ስላልተቀበሉኝ እዚህም አልገፋበትም።

ከአንጓቸው ስብራት በኋላ ከሐኪሟ ጋር ተመካክረን መጠኑን በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ቀነስንላቸው። አምስት ወር ፈጀ። በተቀነሰ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ክፉ ነበሩ። ከእነዚያ ሌሊቶች በአንዱ፣ “ያመጣህልኝም አንተ፣ የምትከለክለኝም አንተ፤ የትኛውን ልመን?” አሉኝ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም።