ከሊማሊሞ አፋፍ የሚታየው ዐደራ

(በራዲዮ የተነገረ ንግግር)



ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትንና ደባርቅን ያለፈ መንገደኛ ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሲደርስ ሳይወድ በግድ ቆም ይላል። መንገዱ ከዚያ ወዲያ እየተጠማዘዘ ወደ ቈላው ይወርዳል። በጣልያን ወረራ ዘመን ስለ ተቀደደው ስለዚህ መንገድ አስፈሪነትና ውበት ብዙ ተነግሯል። እኔ ግን ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ክረምት በመጣ ቍጥር ከዚያው አፋፍ ስለሚወርደው ሌላ መንገደኛ ነው፤ ይኸውም አፈራችን ነው።

ሐምሌና ነሐሴ በደረሰ ጊዜ ከደጋው እርሻ የሚወርደው ጐርፍ ንጹሕ ውሃ አይደለም፤ ቀለሙን ያገኘው ከገብሱ ማሳ ካጠበው አፈር ነው። ይህ አፈር ወደ ተከዜ፥ ከተከዜም ወደ አትባራ ይነጕዳል። በሱዳን አገር በአትባራ ወንዝ ላይ የተሠራው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ውሃ ከመያዝ ችሎታው ግማሽ ያህሉን በደለል ምክንያት አጥቷል። ደለሉ ከብዙ ስፍራ የተሰበሰበ ቢሆንም የስሜን ተራሮችም ድርሻ አለበት። እንግዲህ የእኛ ገበሬ ማሳውን ሲያጣ ጎረቤታችን ግድቡን ያጣል፤ የአንድ ማሳ መታጠብ ሁለት አገር ያደኸያል ማለት ነው። አንድ ጣት ውፍረት ያለው አፈር ተመልሶ እስኪፈጠር ድረስ ብዙ መቶ ዓመታት እንደሚያስፈልጉ ስናስብ የጉዳቱ ከባድነት ይገለጥልናል።

ታዲያ ገበሬው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነውን? አይደለም። ማሳውን አሳድሮ ማሳረፍ እንደሚገባ አባቱ አስተምሮታል፤ ነገር ግን መሬቱ ለልጆች እየተከፋፈለ ስለ ጠበበ የሚያሳርፈው አጣ። ፍግ መሬትን እንደሚያወፍር ያውቃል፤ ነገር ግን እንጨት ስለ ጠፋ ፍጉ ኩበት ሆኖ በምድጃ ይነዳል። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንደ ዘነጋ በሬ አድርገን ልንነቅፈው አይገባንም፤ ገደሉን እያየ ሌላ መሬት ከማጣት የተነሣ በአፋፉ ላይ የሚያርስ ሰው ነውና።

ይኸው ገበሬ ደግሞ ለዓለም ባለውለታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከሦስት ሺሕ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፥ ውርጭ በሚመታው ምድር፥ ቶሎ የሚደርሰውንና ዘግይቶ የሚያፈራውን፥ ጥቁሩንና ነጩን ገብስ እየመረጠ ከዘመን ወደ ዘመን አሻግሯል። ስመ ጥሩው የሩስያ የእጽዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው በጎንደር በኩል እስከ አክሱም በተጓዙ ጊዜ ያስደነቃቸው ይህ የእኽል ዘር ብዛት ነበር። ከዚያም በኋላ ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ በሽታ በተነሣ ጊዜ፥ በካሊፎርንያ ያሉ ተመራማሪዎች ከዓለም የተሰበሰቡ በሺሕ የሚቈጠሩ የገብስ ዓይነቶችን ቢመረምሩ፥ በሽታውን የቻሉት ሁሉም ለማለት ያህል ከኢትዮጵያ የሄዱ ሆነው ተገኙ። አገራችንም የዘር ሀብቷን የሚጠብቅ ማእከል በ1960ዎቹ መጨረሻ አቋቁማለች። ይሁን እንጂ በማከማቻ የተቀመጠ ዘር ብቻውን አይበቃም፤ ዘር ከወቅቱ ጋር እየተለማመደ የሚኖረው በማሳ ላይ ነው፤ ማሳ ደግሞ ያለ አፈር አይኖርም።

የዓለም መንግሥታት በ2008 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተሰብስበው ዐሥራ ሰባት የዘላቂ ልማት ግቦችን ሲያጸድቁ፥ በሁለተኛው ግብ ረኀብን ማጥፋትንና ዘላቂ እርሻን አንድ ላይ አስተሳስረዋል። ዘላቂ ልማት ማለት በቀላል ቋንቋ የዛሬው ሰው ጠግቦ ሲበላ የነገውን ሰው ዘርና አፈር አለመብላቱ ነው።

የዚህ ነገር ፈተና ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ እዚያው ስሜን ታይቷል። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ነገር ግን ዋልያው ስለ ተመናመነ፥ እርሻና ግጦሽም ስለ ገፋበት በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ከሁለት ሺሕ የሚበልጡ የግጭ መንደር ሰዎች ቀዬአቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ በ2009 ዓ.ም. ቅርሱ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዓለም ደስ አለው፤ ደስታውም ተገቢ ነው። ነገር ግን የዚያን ደስታ ዋጋ የከፈለው ማን ነው? ገብስ ሲዘራ ያደገ ሰው ማረሻውን ሰቅሎ ከተማ ሲገባ የሚተዳደርበት ሥራ ካላገኘ፥ ዋልያው የዳነው በእርሱ መራብ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ልማት ሊዘልቅ አይችልም።

እኛ በየመሥሪያ ቤቱ የተቀመጥን ሠራተኞች ጉዳዩ የገበሬው ነው ብለን ልንተወው አንችልም። እርከን የተሠራው በሪፖርት ላይ ነው ወይስ በማሳ ላይ? የምናድለው ምርጥ ዘር የአገሩን ዘር ጨርሶ እንዳያስረሳ አስበንበታልን? ኩበቱ ፍግ ሆኖ ወደ ማሳው እንዲመለስ ለገበሬው ሌላ ማገዶ አዘጋጅተንለታልን? ስለ ዓለም ጥቅም ቀዬውን የለቀቀውስ ሰው ከሁለት ዓመትና ከአምስት ዓመት በኋላ እንዴት እንደሚኖር ሄደን ጠይቀናልን?

የምንበላው እንጀራ በእኛ ደመወዝ የተገዛ ቢሆንም፥ ከደመወዛችን በፊት አፈሩ፥ ከአፈሩም ጋር ጠባቂው ገበሬ አለ። ወደ ፊት ከሊማሊሞ አፋፍ የሚቆም መንገደኛ ከሥሩ የሚወርደውን ጐርፍ ጠርቶ ቢያየው፥ የዚያን ጊዜ ዐደራችንን ጠብቀናል ለማለት እንችላለን።