ባዶ መደርደሪያ የማይመዘግበው ፍላጎት
በሐዋሳ ከተማ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር



በሐዋሳ ስለ አቅርቦት ሰንሰለት ሲነሣ አድማጭ አስቀድሞ የሚጠብቀው የኢንዱስትሪ ፓርኩን ታሪክ ነው። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ልብስ እየሰፋ ወደ አሜሪካ ሲልክ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ አገራችን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ ገበያው ጠበበበት። ያ ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። እኔ ዛሬ የመረጥኩት ግን ከፓርኩ አጥር ውጭ ያለ፣ ጎድሎ ሲገኝ ጋዜጣ የማይጽፍለት ዕቃ ነው፤ የወባ መድኃኒት።

ለመንደርደሪያ ወደ አሞራ ገደል እንውረድ። በማለዳ ከሐይቁ የወጣውን ቆሮሶ የምትገዛ ነጋዴ፣ በዕለቱ ስንት ደንበኛ እንደሚመጣ ሳታውቅ ስንት ዓሣ እንደምትገዛ መወሰን አለባት። አንዱን በ100 ብር ገዝታ በ150 ትሸጣለች፣ የተረፋትን ማምሻውን በ40 ትለቀዋለች እንበል። (ዋጋው ለስሌት እንዲመቸኝ የፈጠርኩት ነው፤ የገበያውን ዋጋ የምታውቁ እንዳትታዘቡኝ።) አንድ ዓሣ ጎድሎባት ደንበኛ ቢመለስ 50 ብር ታጣለች፤ አንድ ዓሣ ቢተርፋት 60 ብር ትከስራለች። 50 ለ110 ሲካፈል 0.45 ገደማ ይሆናል። ይህም ማለት ከመቶ ቀናት በ45ቱ ፈላጊውን ሁሉ የሚያዳርስ መጠን ብትገዛ ይበቃታል፤ በቀሩት ቀናት አንዳንዱ ደንበኛ ባዶ እጁን ቢመለስ ንግዷ አልተበላሸም። ኤጅዎርዝ የተባለው ሊቅ ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1888 ባንኮች ምን ያህል ጥሬ ገንዘብ መያዝ እንዳለባቸው ለማስላት ተጠቅሞበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ደግሞ ኬኔት አሮውና ባልደረቦቹ ለክምችት አስተዳደር አስፍተውታል።

አሁን ዓሣውን በመድኃኒት ተኩት። በፋልሲፓረም ወባ የተያዘ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ካላገኘ ሕመሙ ወደ አደገኛ ደረጃ ሊሸጋገር ይችላል። የመጉደሉ ዋጋ በብር አይተመንም፤ ስሌቱም ወደ 1 ይጠጋና ያለ ገደብ ግዙ ይለናል። ያለ ገደብ የሚገዛ ግን የለም። መድኃኒቱ በውጭ ምንዛሪ ይመጣል፣ መጋዘንና መኪና ይፈልጋል፣ የአገልግሎት ጊዜውም ያልፋል። ስለዚህ በእጃችን ያለው ጥያቄ፣ የማይበቃውን ለማን፣ መቼና በምን መረጃ እንስጥ የሚለው ነው። የምናገረው በዋናነት ስለ መረጃው ነው።

የመንግሥት ጤና ተቋማትን መድኃኒት የሚያቀርበው በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚባለው ተቋም ነው፤ እዚህ ሐዋሳም ቅርንጫፍ አለው። ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በየሁለት ወሩ የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ሞልተው ይልካሉ። ከፍተኛው ክምችት የአራት ወር፣ ዝቅተኛው የሁለት ወር ነው፤ የሁለት ሳምንት ብቻ ሲቀር አስቸኳይ ጥያቄ ይቀርባል። ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ ጥሩም ነው። የቆመው ግን ባለፉት ሁለት ወራት የተሰጠው መጠን ፍላጎትን ያሳያል በሚል እምነት ላይ ነው።

እኔም ይህን እምነት ሳልመረምር ተቀብዬ ነበር። በወጣትነቴ ከአንድ ጤና ጣቢያ የቢን ካርድ የብዙ ወራት አሃዝ ሰብስቤ ትንበያ ሠራሁ። ቀመሬ ከመረጃው ጋር እጅግ ተስማማ፤ ደስ አለኝ። ለፋርማሲ ባለሙያዋ ባሳየኋት ጊዜ በጥሞና ተመለከተችና፣ «ጥቅምት ላይ ፍላጎት ቀነሰ ይላል፤ ጥቅምት ላይ እኮ መድኃኒቱ አልቆብን ነበር» አለችኝ። በዚያ ወር ሰው ሲሰለፍ ውሏል። ወረቀቱ የሚያውቀው ግን የወሰደውን እንጂ የተመለሰውን አይደለም።

ይህን በቁጥር እንየው። አንድ ጤና ጣቢያ በ60 ቀናት ለ60 ሕሙማን የሚሆን መድኃኒት ሰጠ፤ ከእነዚህ ቀናት 30ውን ግን መደርደሪያው ባዶ ነበር። በየዋህነት ስናሰላ የአራት ወሩ ፍላጎት 120 ነው። ባዶ የነበሩትን ቀናት ስናስብ 60ው ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመጣ ስለሆነ የአራት ወሩ ፍላጎት 240 ይሆናል። ባዶውን ቀን የረሳ ስሌት የተቸገረውን ጤና ጣቢያ በግማሽ ይቀጣዋል፤ በሚቀጥለው ዙር ቶሎ ያልቅበታል፣ አሃዙም እንደገና ያንሳል። ቅጹ መድኃኒት ያልነበረባቸው ቀናት የሚሞሉበት ቦታ አለው፤ የቀመሩ አዘጋጆች ችግሩን አውቀውታል ማለት ነው። ሆኖም በጎበኘኋቸው ቦታዎች ብዙ ጊዜ ሳይሞላ የሚያልፈው ይኸው ዓምድ ነበር። ባለሙያውን አልወቅስም፤ ሕመምተኛ ቆሞ እየጠበቀ ቅጽ መሙላት ምን እንደሚመስል ያየ ሰው አይወቅስም። ማስተካከያውም ቢሆን ወረርሽኙ መደርደሪያው ባዶ በነበረበት ሰሞን ከጀመረ እውነተኛውን ፍላጎት አያገኘውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን አስታውቋል። «መመዝገባቸውን» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ።

እጥረት ሲደጋገም ደግሞ ሁለተኛ ችግር ይወለዳል። ቅርንጫፉ ጥያቄዬን ይቆርጥብኛል ብሎ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ አብዝቶ ይጠይቃል። ሁለት ጤና ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው 240 ያስፈልጋቸዋል እንበል። አንደኛው 240 ጠየቀ፤ ሁለተኛው 360። ቅርንጫፉ ያለው 300 ብቻ ስለሆነ ለሁሉም የጠየቀውን ግማሽ ሰጠ። እውነተኛው 120 አገኘ፣ አጋናኙ 180። ሐቅ የተናገረው ጤና ጣቢያ በ30 ሕሙማን ድርሻ ተቀጣ። በሚቀጥለው ዙር እሱም ያጋንናል፤ ከዚያ ወዲያ ቅርንጫፉ የሚያነበው ቁጥር ስለ ሕመም የሚነግረው ነገር አይኖርም። ሊ፣ ፓድማናብሃንና ዋንግ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ፍላጎት በሰንሰለቱ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየተዛባ እንዲሄድ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ መሆኑን አሳይተዋል። በእኔ አስተያየት ድልድሉ የተጠየቀውን መጠን ትቶ፣ በባዶ ቀናት የተስተካከለውን ፍጆታ መነሻ ቢያደርግና ለሁሉም እኩል ቀናት የሚያቆይ መጠን ቢሰጥ ማጋነን ትርፉ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ባዶ ቀናትን ማጋነን ይመጣል የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ፤ ትክክል ነው። ባዶ ቀን ግን በቢን ካርድ ሊጣራ ይችላል፤ የተጋነነ ጥያቄ በምንም አይጣራም።

ሌላው አማራጭ ሁሉንም ከማከፋፈል ይልቅ ጥቂቱን ሐዋሳ ላይ ማቆየት ነው። አራት ጤና ጣቢያዎች እኩል መደበኛ ልይይት፣ 40፣ ቢኖራቸውና እያንዳንዳቸው ከመቶ 95 ጊዜ እንዳይጎድልባቸው ቢፈልጉ፣ በየቤታቸው 66፣ በድምሩ 264 መጠባበቂያ ይይዛሉ። መጠባበቂያው በአንድ ቦታ ቢቀመጥ 132 ይበቃል፤ ግማሽ ማለት ነው። ስሌቱ ግን የአንዱ ፍላጎት ከሌላው ጋር አይገናኝም ብሎ ያስባል። በክረምቱ ማብቂያ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ ሲነሣ በስምጥ ሸለቆው ወለል ያሉ ጤና ጣቢያዎች ሁሉ በአንድነት ይጨናነቃሉ፤ ያን ጊዜ አንዱ ለሌላው የሚያበድረው ትርፍ የለውም። ሎካ አባያን ከሁላ ጋር ብናጣምር ነገሩ ይለወጣል፤ ቆላውና ደጋው በአንድ ሳምንት እኩል አይታመሙም። ስለዚህ የመጠባበቂያ ቡድን ሲመሠረት ከወረዳ ድንበር በፊት ከፍታንና ወቅትን ማየት ይገባል እላለሁ።

አንድ ያልፈታሁት ነገር አለ። ጳጉሜን ላይ ቅርንጫፉ ያለውን ሁሉ ቢበትን መስከረም ላይ ወረርሽኙ በተነሣበት ቦታ የሚልከው አይኖረውም። ግማሹን ቢያቆይ ደግሞ፣ መጋዘን ውስጥ መድኃኒት እያለ የአንድ ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ባዶ ሊሆን ነው፤ ዝናብ መንገዱን ከቆረጠው ለቀናት። በአማካይ ማቆየቱ ብዙ ሰው እንደሚያድን በወረቀት ላሳያችሁ እችላለሁ። በዚያች ጤና ጣቢያ በር ላይ ልጇን ታቅፋ ለምትጠብቅ እናት አማካዩን እንዴት እንደማስረዳ ግን አላውቅም። ከመካከላችሁ በጤና ጣቢያ የሠራችሁ እንዳላችሁ ስለማውቅ፣ የውይይቱን ጊዜ ከዚህ ነጥብ ብንጀምር ደስ ይለኛል።