ዘይት የሚበላ መኪና፦ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር)



በበዓል ቀን ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። የሞተር ዘይት ጉዳይ ለበዓል የሚመጥን ላይመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የተፍኪን ጤፍና ሽምብራ ከመጋዘን አውጥቶ በሰበታ በኩል አዲስ አበባ የሚያደርሰው፣ ማዳበሪያውንም ጭኖ የሚመለሰው መኪና ነው። መኪናው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሮጌ ነው። ማኅበራት አዲስ መኪና የመግዛት አቅማቸው ውስን ሲሆን፣ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትም ከበፊቱ የበለጠ ውድ ሆኗል። በመሆኑም በእጅ ያለውን አሮጌ አይሱዙ ወይም ፒክአፕ ጠብቆ ማቆየት የአባላትን ገንዘብ መጠበቅ ነው።

አሮጌ መኪና ዘይት መብላት ሲጀምር በማኅበሩ ውስጥ የሚነሣው ክርክር የታወቀ ነው። ሾፌሩ በየሳምንቱ የዘይት መግዣ ይጠይቃል። ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ይሰበስባል። ቁጥጥር ኮሚቴው ደረሰኙን ሲደምር ይደነግጣል። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ አንድ አባል ይነሣና «ዘይቱን የበላው መኪናው ነው ወይስ ሾፌሩ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቤቱም ይስቃል። ሾፌሩ ግን አይስቅም። ከዚያ በኋላ ግማሹ «ሞተሩ ይውረድ» ይላል፣ ግማሹ «እየጨመርን እንንዳ» ይላል። ሁለቱም ወገን በእጁ አንድም ቁጥር ሳይዝ ነው የሚከራከረው። አንዳንዴ ሳያስፈልግ ሞተር ይወርድና የዓመቱ ትርፍ ጋራዥ ይቀራል፤ አንዳንዴ ደግሞ እየተጨመረ ሲነዳ የቆየው መኪና በጤፍ መሰብሰቢያ ወቅት መንገድ ላይ ሞተሩ ይነክሳል።

ማንኛውም ሞተር ጥቂት ዘይት ይወስዳል፤ ይህ በሽታ አይደለም። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ቀጭን የዘይት ሽፋን ከሌለ ብረት ብረትን ይፍቃል። ከዚያ ሽፋን ጥቂቱ ከነዳጁ ጋር አብሮ ይቃጠላል። ጥያቄው ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ለትናንሽ መኪኖች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር የሚደርሰውን የመጨረሻ ወሰን አድርገው የሚቀበሉ አምራቾች አሉ፤ ጤነኛ ሞተር ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው የሚወስደው። ለምሳሌ ያህል በየ200 ኪሎ ሜትሩ 1 ሊትር የሚጨመርለት መኪና አለ እንበል። በሳምንት 400 ኪሎ ሜትር ቢሠራ 2 ሊትር፣ በ50 ሳምንት 100 ሊትር ይፈጃል። ይህን በገበያው ዋጋ ማባዛት ለገንዘብ ያዡ ከባድ ሥራ አይደለም።

ስለሆነም የመጀመሪያው መሣሪያ መፍቻ ሳይሆን ደብተር ነው። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተጨመረው ዘይት መጠን፣ የለካው ሰው ስም ይጻፍበት። በብዙ አሮጌ መኪና ላይ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው አይሠራም፤ ያን ጊዜ ምልልሱ ይቆጠር፣ መንገዱ የታወቀ ስለሆነ ርቀቱ አይጠፋም። ልኬቱ ሁልጊዜ ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ከጠፋ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቢሆን ይመረጣል። ዘቅዛቃ ላይ የቆመ መኪና ያሳስታል፤ ገና የጠፋ ሞተርም ዘይቱ ወደ ታች ተጠራቅሞ ስላላለቀ ጎድሎ ይታያል። ጎደለ ተብሎ ሲጨመር ደግሞ ከላይኛው ምልክት ያልፋል። ከመጠን በላይ የተሞላ ዘይት በሚሽከረከረው ብረት ተመትቶ አረፋ ይሠራል፣ በመተንፈሻው በኩልም ወጥቶ ይቃጠላል። «ዘይት ይበላል» ከተባሉት መኪኖች መካከል ችግራቸው አብዝቶ መሙላት ብቻ የሆነ ይገኙባቸዋል።

ይህ ደብተር ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ለሾፌሩ ነው። በየቀኑ የተመዘገበ ቁጥር ካለ ሐሜት ቦታ አያገኝም። መኪናው በአንድ ሾፌር እጅ 1 ሊትር፣ በሌላው እጅ 3 ሊትር የሚበላ ከሆነም ደብተሩ ራሱ ይናገራል።

ሁለትና ሦስት ሳምንት ከተመዘገበ በኋላ ዘይቱ የት እንደሚሄድ ይፈለጋል። መንገዱ ሁለት ነው፤ ወይ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ወይ ውስጥ ይቃጠላል። ከሁለቱ ርካሹ መፍሰሱ ስለሆነ ፍለጋው ከእሱ ቢጀመር ይሻላል። ሌሊት ከሞተሩ ሥር ካርቶን ዘርግቶ ማደር ቀላሉ ዘዴ ነው። ሆኖም ካርቶኑ ንጹሕ ሆኖ ቢያድር መኪናው አያፈስም ማለት አይደለም። ቆሞ የማያንጠባጥብ ሞተር ሲነዳ፣ ዘይቱ በግፊት ሲዞር ሊያፈስ ይችላል። በተፍኪና በበቾ ሜዳ ደግሞ ክረምት ላይ ጥቁሩ ጭቃ ከሞተሩ ሥር ተለጥፎ ይደርቅና ፍሳሹን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሞተሩ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ይታይ። ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ መነሻው እርጥበቱ በብዛት የሚታይበት ቦታ ሳይሆን ከፊትና ከላይ ያለው የመጀመሪያው እርጥብ ቦታ ነው። የላይኛው ክዳን ጋስኬት፣ የዘይት ፊልትሮው መቀመጫ፣ የማፍሰሻው ቡሎን፣ ከፊትና ከኋላ ያሉት ኦይል ሲሎች ይታያሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በትንሽ ወጪ የሚጠገኑ ናቸው። የኋላው ኦይል ሲል ካምቢዮ ማውረድ ስለሚጠይቅ ወጪው ከፍ ይላል።

ፍሳሽ ካልተገኘ ወደ ጭሱ ይታያል። ዘይት ሲቃጠል ጭሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ሽታውም ይከረፍፋል። ጥቁር ጭስ የዘይት አይደለም፤ አየር ያነሰው ወይም ነዳጅ የበዛበት ሞተር ምልክት ነው። ተፍኪ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ናፍጣ ሞተር በጭነት ጊዜ ጥቁር ቢያጨስ «ዘይት በላ» ብሎ መፍረድ አይገባም። ሰማያዊው ጭስ ጠዋት ሲነሣ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ጥርጣሬው በቫልቭ ሲል ላይ ነው፤ ሌሊቱን የተንጠባጠበው ዘይት ነው የሚቃጠለው። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ የማያቋርጥ ከሆነ ግን የፒስተን ቀለበቶች ያስጠረጥራሉ። ሞተሩ ሥራ ላይ እንዳለ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጭስ በኃይል የሚገፋ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቱርቦ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ከቱርቦ የሚወጣው የአየር ቱቦ ተፈትቶ ውስጡ በዘይት ረጥቦ እንደሆነ ይታይ።

አንድ ነገር ሳይጠቀስ ማለፍ አይገባም። ዘይቱ ሳይጨመርለት ደረጃው ከፍ የሚል ሞተር አለ። ይህ በረከት ሳይሆን ናፍጣ ወይም ውኃ ወደ ዘይቱ እየገባ ነው ማለት ነው። ዘይቱ ቡና በወተት ከመሰለ ውኃ ነው፣ ከቀጠነና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ደግሞ ናፍጣ ነው። በሁለቱም መኪናው መቆም አለበት። እንደዚሁም ቀዩ የዘይት መብራት ሲበራ «ጋራዥ እስክደርስ» ማለት የለም። መብራቱ የሚናገረው ስለ ዘይቱ ግፊት ነው፤ ግፊት በሌለበት የሚነዳ ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።

ለመሆኑ ቀለበቱና ሲሊንደሩ ያለጊዜው የሚያልቁት ለምንድን ነው? በዚህ አካባቢ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ አቧራ ነው። በበጋ ከጅማው አስፋልት ወጥቶ ወደ ማሳ የሚገባ መኪና የሚስበው አየር አቧራ የተሞላ ነው። በአቧራው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ የአየር ፊልትሮውን አልፎ ከገባ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። ፊልትሮው በጎማ ላይ እየተመታ የሚጸዳበት ልማድ አለ፤ ወረቀቱ ይቀደድና ከዚያ በኋላ ቢኖርም ባይኖርም አንድ ነው። በአየር ከተነፋ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን፣ በብርሃን ፊት ተይዞም ቀዳዳ እንደሌለው ይታይ። ከፊልትሮው እስከ ሞተሩ ያለው ጎማ ከተሰነጠቀ አዲስ ፊልትሮም አያድንም። ዘይት በጣሳ የሚቀመጥበት የድሮ ትራክተር ፊልትሮ በውድቂያ ወቅት በየቀኑ ቢታይ አይበዛም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ የፊልትሮ ዋጋ ከቀለበት ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው ምክንያት ዘይት ሳይቀየር መቆየት ነው። «ሁልጊዜ አዲስ እየጨመርንበት ነው፣ ምን ያስቀይረዋል?» የሚል አስተሳሰብ አለ። የሚጨመረው አዲስ ቢሆንም ጥላሸቱ ውስጥ ይቀራል፣ ቀለበቶቹን በጎድጓዳቸው ውስጥ ያጣብቃል፣ የተጣበቀ ቀለበት ደግሞ ዘይት መጥረግ አይችልም። እንዲህ የተጣበቀ ከሆነ ዘይቱን ሁለትና ሦስት ጊዜ በአጭር ርቀት መቀየር ፍጆታውን የሚቀንስበት ጊዜ ስላለ፣ ሞተር ከማውረድ በፊት መሞከር ያዋጣል።

የዘይቱን ዓይነት በተመለከተ፣ 15 ደብልዩ 40 የሚለው ቁጥር የመጀመሪያው በብርድ፣ ሁለተኛው በሙቀት ያለውን ውፍረት ያሳያል። ላረጀ ሞተር አምራቹ የሚፈቅድ ከሆነ 20 ደብልዩ 50 መጠቀም ፍጆታውን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ያለቀውን ብረት ግን አይመልስም። የካምቢዮ ዘይት ከሞተር ዘይት ጋር መደባለቅ ከናካቴው የተሳሳተ ነው። ይህ አንዳንድ ሻጮች ጭሱን ለጥቂት ቀን ለመደበቅ የሚጠቀሙበት ዘዴ ነውና፣ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ኮሚቴ ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ጠዋት ሲነሣ ይመልከት እንጂ ሻጩ አሙቆ ያቆየውን አይግዛ።

የሚወጣው የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ መደፋት የለበትም፤ የክረምቱ ጎርፍ ወደ አዋሽ ይወስደዋል። መዥገርና እከክ ያጠፋል ተብሎ በከብት ቆዳ ላይ የሚቀባበት ልማድም አለ። ዘይቱ ከሞተሩ የተፋቁ ብረቶችንና መርዛማ ነገሮችን የያዘ ነው፤ ከብቱ ይልሰዋል፣ ቆዳውም ይጎዳል። ለመዥገር የእንስሳት ጤና ባለሙያ አለ። የተቃጠለው ዘይት በጀሪካን ተጠራቅሞ ለሚረከብ ጋራዥ ይሰጥ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፍጆታው ካልቀነሰ የሲሊንደሮቹ ግፊት በመሣሪያ ይለካ። ሁሉም ደህና ሆነው አንዱ ብቻ ከወደቀ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው። ሞተሩ ይውረድ ከተባለም ሥራ አመራር ኮሚቴው ጋራዡን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ሲሊንደሩ ተለክቷል ወይ? ክብነቱን ባጣ ሲሊንደር ላይ አዲስ ቀለበት ብቻ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጥቂት ወር ቆይቶ ጭሱ ይመለሳል። ልኬቱ በጽሑፍ ይቅረብ፣ የሚቀየረው ዕቃ በዝርዝር ይታወቅ፣ አሮጌው ዕቃም ለማኅበሩ ይመለስ።

ጊዜውም ይታሰብበት። ማዳበሪያው ከገባ በኋላ፣ በነሐሴና በመስከረም፣ የገጠሩ መንገድ ጭቃ ስለሆነ መኪናው ብዙ ሥራ የለውም። ያን ጊዜ የወረደ ሞተር ለኅዳሩ ጤፍ ይደርሳል፤ በኅዳር የወረደ ግን ሲገጠም ጤፉ በነጋዴ መኪና ሄዷል።