ሳይሰበር የሚመሰከርለት ክንፍ
(በምሩቃን መሰባሰቢያ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ለዚህ በዓል በአውሮፕላን ነው የመጣችሁት። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የተሳፈራችሁበት አውሮፕላን ክንፍ እንደማይሰበር ማን አረጋገጠ? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ይህ ነው፦ አምሳያው መሬት ላይ ታስሮ በሃይድሮሊክ ጃክ እየተጎተተ ተፈትኗል። ደንቡ በአገልግሎት ዘመኑ ይገጥመዋል ከሚባለው ከፍተኛ ጭነት 1.5 እጥፍ ተሸክሞ ቢያንስ ለ3 ሴኮንድ እንዲቆይ ያዛል።

ሙከራው ውድ ነው። አንድ ሙሉ አውሮፕላን ተሠርቶ አንድም ቀን ሳይበር ይቀራል። በተለይ የካርቦን ፋይበር ሲሆን፣ ከትንሽ ናሙና እስከ መጋጠሚያ፣ ከመጋጠሚያ እስከ ሙሉ ክንፍ ብዙ ሙከራ ይደረጋል። ስለዚህ ኢንዱስትሪው «ለምን በኮምፒውተር ሞዴል አናረጋግጠውም?» ቢል አይገርምም። ክርክሩም ባዶ አይደለም። በሙከራ የሚፈተነው አንድ ክንፍ ነው፤ ያውም በጥቂት የጭነት ዓይነቶች። ሞዴል ግን ውፍረቱን፣ ሙቀቱን፣ የደረሰበትን ጉዳት እየለዋወጠ በሺህ የሚቆጠር ሁኔታ ይመረምራል።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ሞዴል ያልነገርነውን አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2009 ቦይንግ 787ን መሬት ላይ ሲፈትን፣ ክንፉ ከአካሉ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ የካርቦን ፋይበሩ ንብርብሮች ተላቀቁ። የኮምፒውተሩ ስሌት ይህን አልተነበየም ነበር። የመጀመሪያው በረራ ተራዘመ፤ መጋጠሚያው ተጠናክሮና እንደገና ተፈትኖ አውሮፕላኑ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 15 ተነሣ። በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ ይህን አውሮፕላን የተረከበው የኛው አየር መንገድ መሆኑን አትርሱ። ጉድለቱ የተገኘው ተሳፋሪ ሳይቀመጥበት ነው።

በ2019 ደግሞ የ777ኤክስ አካል ከሚፈለገው የመጨረሻ ጭነት 99 በመቶ ገደማ ላይ ሲደርስ ተቀደደ። «የጎደለው እኮ 1 በመቶ ብቻ ነው» የሚል አለ። እውነት ነው። ግን ያቺን 1 በመቶ ያወቅናት ስለሰበርነው ነው።

የአሜሪካም የአውሮፓም ደንብ ለዚህ አስተዋይ መልስ አለው። ስሌት ብቻውን የሚበቃው፣ ዘዴው አስተማማኝ መሆኑ በልምድ ለታወቀ ዓይነት መዋቅር ነው፤ አለዚያ ይፈተን ይላል። እንግዲህ ዛሬ ያለ ሙከራ የምናምነው ስሌት፣ ትናንት በሙከራ እምነት ያተረፈ ነው። ሳይዘሩ ማጨድ የለም። አዲስ ቁስ፣ አዲስ ቅርጽ፣ አዲስ መጋጠሚያ ሲመጣ እምነቱ እንደገና ይዘራል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የደረሰብን ሐዘን የመዋቅር ጉዳይ ስላልነበረ ከዚህ ጋር አላምታታውም። ነገር ግን ስለ አብራሪዎች ምላሽ የተያዘ ግምት ከእውነታው ጋር በቅጡ ሳይመሳከር ሲጸድቅ ምን እንደሚያስከፍል አሳይቶናል። 157 ነፍስ።

አሁን ወደ ትምህርት ቤታችን ልምጣ። ሶፍትዌር ያምራል፤ ቀይና ሰማያዊ ሥዕል ያወጣል፤ በላፕቶፕ ይሠራል። የመፈተኛ ማሽን ግን ውድ ነው፣ ቦታ ይይዛል፣ ጥገና ይፈልጋል። በጀት ሲጠብ የትኛው እንደሚቀር መገመት አያዳግትም።

መምህሮቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ማንኛውም የመዋቅር ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ቢም በሞዴል ያስላ። ስንት ኪሎ ላይ፣ በየት በኩል እንደሚሰበር ጽፎ ይፈርም። ከዚያ በገዛ እጁ ይስበረው። ማርኩንም ግምቱ ስለገጠመ ሳይሆን፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ስላስረዳ ስጡት።

እኛ ምሩቃን ደግሞ አለን። ማሽን መጠገን የሚችል ባለሙያ ከመካከላችን አይጠፋም፤ ቁራጭ ብረትና አሉሚኒየምም በየመሥሪያ ቤታችን ወድቆ ይገኛል። መዋጮ ሲባል ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ ነገ «ይህ ክንፍ መፈተን አያስፈልገውም» በሚል ወረቀት ላይ ይፈርም ይሆናል። መቼ መፈረም፣ መቼ እምቢ ማለት እንዳለበት የሚያውቀው፣ የገዛ ስሌቱ ዓይኑ እያየ ሲሰበር አይቶ ያደገ እንደሆነ ነው።