ስልክ ከመግዛታችሁ በፊት
(አርብ ከሰዓት በኋላ መላዝ ለተሰበሰቡ እህቶች የተሰጠ ንግግር)

እህቶቼ፣ ስለ ስልክ እንድናገር የተጠየቅሁት ዐዋቂ ስለሆንኩ አይደለም፤ በስልክ የከሰርኩ ስለሆንኩ ነው።

ሪያድ በመጣሁ በስምንተኛው ወር፣ ደመወዜ አንድ ሺህ ሪያል ሳለ፣ ባትሐ መንገድ ላይ በ900 ሪያል አይፎን ገዛሁ። ሰውየው ሣጥንም ፋቱራም የለውም፤ ስልኩ ግን ያብረቀርቃል። ሁለት ሳምንት ሠራ። አንድ ጠዋት ስከፍተው ተቆልፎ በዐረብኛ ጽሑፍ ወጣበት። የመዳሜ ልጅ አነበበችልኝ፦ «ይህ ስልክ ጠፍቶብኛል፣ ያገኘ በዚህ ቁጥር ይደውልልኝ»። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሌባ ብለው ቢይዙኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ደግነቱ መዳሜ ደውላ ለባለቤቱ መለሰችለት። ያ 900 ሪያል የእናቴ ቤት ቆርቆሮ መግዣ ነበር። ቆርቆሮው በዓመቱ ተገዛ።

ስለዚህ መጀመሪያ ፋቱራ። ከሱቅ ግዙ፤ የሱቁ ስም፣ ቀኑና 15 በመቶው ታክስ የተጻፈበትን ወረቀት ተቀበሉ፤ ዳማኑ ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠይቁ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሞባይል ሱቅ የሚሸጠውም የሚጠግነውም ሳዑዲ እንዲሆን ታዟል። ደጃፍ ላይ ቆሞ «እህቴ፣ ረከስ ያለ አለኝ» የሚላችሁ፣ ያገራችን ልጅ እንኳ ቢሆን፣ ነገ የምታገኙበት ሱቅ የለውም። ገንዘብ ሳትከፍሉ *#06# ጻፉ፤ የሚወጣው 15 አሃዝ ሣጥኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት።

አሮጌ ስልክ አትግዙ አልልም። ግን ሻጩ ፊታችሁ የራሱን አካውንት አውጥቶ፣ ሁሉንም አጥፍቶ፣ እንደ አዲስ ያስነሣው። ያኔ የሌላ ሰው ኢሜይል ወይም ፓስወርድ ከጠየቀ ትታችሁት ሂዱ። አይፎን የምትወዱ ደግሞ ጎኑን እዩት። ከአይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ የተሠሩት የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ አገር ቤት ስትገቡ የወንድማችሁን ሲም ልክተት ብትሉ ቦታ የለውም።

አሁን ብዙዎቻችን የምንሳሳትበትን ልንገራችሁ። ስልኩን ስንገዛ «ጂሜይል ክፈትልኝ» ብለን ለልጁ እንሰጠዋለን። እሱ በራሱ ፓስወርድ፣ አንዳንዴም በራሱ ስልክ ቁጥር ይከፍትልናል። ከዓመት በኋላ ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲቀየር ፎቶውም፣ የዘመድ ቁጥሩም እዚያው ይቀራል፤ ልጁ ደግሞ የት እንዳለ አይታወቅም። ሲሙም እንደዚሁ ነው። በአሠሪ ወይም በጓደኛ ኢቃማ የወጣ ሲም የእናንተ አይደለም። ባለስሙ ባዘጋው ቀን የባንኩ ኮድ የሚመጣበት ቁጥር ይጠፋል። ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ ውል የመጡ እህቶች ደመወዝ በባንክ ወይም በስልክ ዋሌት እንዲገባ ተደርጓል። ስልክ እንግዲህ ኢሞ ብቻ አይደለም፣ ደመወዛችን የሚታይበት ነው። በገዛ ኢቃማችሁና በገዛ አሻራችሁ ሲም አውጡ።

ምን ዓይነት ልግዛ ለምትሉኝ፦ ለኢሞ፣ ለዋትሳፕ፣ ለአብሸርና ለባንኩ መካከለኛ ሳምሰንግ ይበቃል። ካሜራ ላይ ከምታወጡት ማከማቻው ላይ አውጡት፤ 64 ጊጋ በቪዲዮ ቶሎ ይሞላል፣ 128 ይሻላል። ካሜራ ካልን፣ የአሠሪን ቤትና ልጅ ቀርጻችሁ ቲክቶክ ላይ አትጫኑ። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ በካሜራ ስልክ የሰውን የግል ሕይወት መድፈር እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500 ሺህ ሪያል ቅጣት አለው።

መዳም «እኔ ልግዛልሽ፣ ከደመወዝሽ እቆርጣለሁ» ካለች ዋጋውንና በየወሩ የሚቆረጠውን በዋትሳፕ እንድትጽፍልሽ በትሕትና ጠይቂ። በቃል ብቻ ከሆነ 700 የነበረው በመጨረሻ 1,000 ሆኖ ሲቆረጥ አይቻለሁ።

አዲስ ስልክ እንደያዛችሁ የፓስፖርቱን፣ የኢቃማውንና የውሉን ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ፤ አንዱን ቅጂ ለምታምኑት ዘመድ ላኩ። የእናታችሁንም ቁጥር በወረቀት ጻፉ። እኔ ስልኬ የተቆለፈ ቀን የማንንም ቁጥር በቃሌ አላውቅም ነበር፤ አገር ቤት ለሦስት ሳምንት ድምፄን አልሰሙም።

በሚቀጥለው አርብ ጂሜይል መክፈት የምትፈልጉ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ፣ አብረን እንከፍታለን። ፓስወርዱን ስትጽፉ እኔ ፊቴን አዞራለሁ።