ማግኒዚየም በየት በር ይገባል?

ማግኒዚየም የተባለውን ማዕድን በውሃ አሟሙቶ ቆዳ ላይ በመርጨት፣ በቅባት መልክ በማሸት ወይም እግርና ገላ በሚዘፈዘፍበት ሙቅ ውሃ ውስጥ በመጨመር የጡንቻ ሕመምን፣ የእንቅልፍ እጦትንና ድካምን ማከም ይቻላል የሚለው እምነት በዓለም ዙሪያ በስፋት ከሚነገሩ የተፈጥሮ ሕክምና ሐሳቦች አንዱ ሆኗል። ሐሳቡ በማኅበራዊ ሚዲያ አማካይነት ከከተማ አልፎ ወደ ገጠርም እየደረሰ በመሆኑ፣ ምን ያህሉ እውነት፣ ምን ያህሉ ደግሞ ምኞት እንደሆነ መመርመሩ ለአድማጭ ይጠቅማል። ለዚህ ምርመራ ደግሞ ጫኖ የተመቸ ቦታ ነው። ጫኖ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ በአባያ ሐይቅና በጋሞ ተራሮች ግርጌ መካከል የተዘረጋ፣ ጫኖ ሚሌን፣ ጫኖ ዶርጋንና ጫኖ ጫልባን የመሰሉ ቀበሌዎችን ያቀፈ የሙዝና የማንጎ አገር ሲሆን፣ በዙሪያው ፍል ውሃም፣ ቀዝቃዛ ምንጭም፣ ቀይ አፈርም፣ ማዕድን የበዛበት ቅጠልም ስለሚገኝ፣ የማግኒዚየምን መግቢያና መውጫ በቅርብ ለማየት ያስችላል።

ማግኒዚየም ብረት ነክ ከሆኑ ንጥረ ነገሮች አንዱ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በ1808 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ነጥሎ አውጥቶታል። ይሁን እንጂ ጨዎቹ ከዚያ አስቀድሞ በመድኃኒትነት ይታወቁ ነበር፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዝ ኤፕሰም በተባለች ከተማ፣ ከብቶች አንጠጣም ብለው ከሸሹት መራራ ምንጭ ተገኘ ተብሎ የሚተረከው ማግኒዚየም ሰልፌት ዛሬም የከተማዋን ስም ይዞ ኤፕሰም ጨው እየተባለ ይጠራል። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ 25 ግራም ገደማ ማግኒዚየም ሲኖር፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአጥንት፣ አብዛኛው ቀሪ በጡንቻና በሌሎች ለስላሳ አካላት ተከማችቶ፣ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ኢንዛይም የሚባሉት፣ ማለትም የሰውነትን ኬሚካዊ ሥራ የሚያፋጥኑት ፕሮቲኖች፣ ከ300 የማያንሱቱ ያለ ማግኒዚየም ሥራቸውን በአግባቡ አይሠሩም፤ ጡንቻ ከተኮማተረ በኋላ የሚፍታታው፣ ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈውና የልብ ምት ሥርዓቱን የሚጠብቀውም በዚሁ ማዕድን እገዛ ነው። እንግዲህ የማግኒዚየም አስፈላጊነት ለክርክር የሚቀርብ አይደለም፤ የሚያከራክረው የመግቢያው በር ነው።

ቆዳ በተፈጥሮው በር ሳይሆን ግድግዳ ነው። የላይኛው ንጣፍ ውፍረቱ በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ከ1 እስከ 2 መቶኛ ሚሊሜትር ብቻ ቢሆንም፣ ከጫኖ በላይ በደጋው የሚኖሩ ዶርዜዎች በቀርከሃ በሚሠሩት ቤት ላይ የእንሰት ሽፋን አንዱን በአንዱ ላይ ደራርበው ዝናብ እንደሚያስመልሱ ሁሉ፣ የሞቱ ሕዋሳት በበርካታ ረድፍ ተደራርበውና በመካከላቸው ባለው ስብ ተያይዘው ውሃንና በውሃ የሚሟሟውን ሁሉ ይመልሳሉ። ማግኒዚየም በውሃ ውስጥ ሲሟሟ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አዮን ይሆናል፤ ይህ አዮን የውሃ ሞለኪውሎችን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ውሃ የለበሰው አዮን ካለ ውሃው ከሚኖረው ይዘት 400 ጊዜ ያህል ይገዝፋል። ሙል የያዘና ውሃ የለበሰ ነገር በስብ በተሞላ ንጣፍ ውስጥ ለማለፍ እጅግ ይቸገራል። በገበያ የማግኒዚየም ዘይት ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን ማግኒዚየም ክሎራይድ የተባለው ጨው በብዛት የተሟሟበት ውሃ እንጂ ዘይት ስላልሆነ፣ ሲነኩት ማንሸራተቱ የስቡን ግድግዳ አያሻግረውም።

ተመራማሪዎች ጉዳዩን በዚህ ግምት ብቻ አልተዉትም። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት የቤተ ሙከራ ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በተረፈ የሰው ቆዳ ላይ ማግኒዚየም በብዛት የተሟሟበት ውሃ ሲቀመጥ ከማዕድኑ ጥቂቱ እንደሚያልፍና ለዚህም የፀጉር መውጫ ቀዳዳዎች ጉልህ ድርሻ እንዳላቸው አሳይተዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በ25 ሰዎች ላይ በተደረገ አነስተኛ ሙከራ ደግሞ፣ በቀን 56 ሚሊግራም ማግኒዚየም ያለው ቅባት ለ2 ሳምንት ተቀብቶ በደም ውስጥ መጠነኛ ጭማሪ ቢታይም፣ ልዩነቱ በጠቅላላው ተሳታፊ ላይ በስታቲስቲክስ መለኪያ ሊረጋገጥ አልቻለም። በዚያው ዓመት በጉዳዩ ላይ የተጻፉትን ጥናቶች የገመገሙ የጀርመን ተመራማሪዎች፣ ማግኒዚየም በቆዳ በኩል በቂ ሆኖ ይገባል የሚለው አባባል ሳይንሳዊ ድጋፍ የለውም ብለው ደምድመዋል። ጠብታ ማለፉ አንድ ነገር ነው፤ አንድ አዋቂ ወንድ በቀን የሚያስፈልገውን 400፣ ሴት ደግሞ 310 ሚሊግራም ገደማ በዚህ መንገድ ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው።

እምነቱ በኢትዮጵያ በቀላሉ ሥር የሚይዘው በአገሪቱ የፍል ውሃ ልማድ ጥንታዊና የተከበረ በመሆኑ ነው። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውሃ ከታጠቡበት ስፍራ አጠገብ ሲሆን፣ ለአርባ ምንጭ ቅርብ በሆነው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክም በምሥራቃዊው ዳርቻ፣ በአማሮ ተራሮች ግርጌ፣ የሚፈላ ውሃ ከምድር ይወጣል። እንዲህ ያለው ውሃ የሚያሽለው ማግኒዚየም ስለሞላበት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ግን የኬሚስትሪው ነገር ይቃረንበታል። ውሃ ከምድር በታች በከፍተኛ ሙቀት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ሲቆይ፣ በውስጡ የነበረው ማግኒዚየም ተለይቶ አዲስ በሚፈጠሩ የሸክላ ማዕድናት ውስጥ ስለሚታሰር፣ የስምጥ ሸለቆ ፍል ውሃዎች በአብዛኛው ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛባቸው፣ ማግኒዚየም ግን ያነሰባቸው ናቸው፤ የከርሰ ምድር እንፋሎት አጥኚዎችም የማግኒዚየምን ማነስ የጥልቅ ሙቀት ምልክት አድርገው ይጠቀሙበታል። ከባዛልት ድንጋይ የሚፈልቅ ቀዝቃዛ ውሃ በአንጻሩ ብዙውን ጊዜ ካልሲየምና ማግኒዚየም የሚበረክትበት በመሆኑ፣ የደጋ ምንጭ የሚጠጣ ሰው በቆላ ፍል ውሃ ከሚነከር ሰው ይልቅ የበለጠ ማግኒዚየም ያገኛል ማለት ይቻላል። በስምጥ ሸለቆ ፍል ውሃዎች ውስጥ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ፍሎራይድ ስለሚበዛ፣ መታጠቢያ የሆነውን ውሃ ሁሉ መጠጣትም አይገባም።

በኢትዮጵያ ማግኒዚየም በእርግጥ የሞላበትን ውሃ የሚሻ ሰው ከጋሞ ርቆ ወደ አፋር፣ ወደ ዳሎል መሄድ ይኖርበታል። በዳሎል አቅራቢያ ጋኤታሌ የሚባለው ኩሬ በ1 ኪሎ ግራም ውሃ 433 ግራም ያህል ጨው የያዘ፣ በምድር ላይ እጅግ ጨዋማ ከሚባሉት ውሃዎች ቀዳሚው ሲሆን፣ ጨዎቹም በዋናነት ካልሲየም ክሎራይድና ማግኒዚየም ክሎራይድ ናቸው፤ የማግኒዚየም ዘይት የሚባለው ፈሳሽ የተፈጥሮ ዘመዱ ይህ ነው። ሆኖም ቦታው መታጠቢያ ሳይሆን አደገኛ ሙቀትና ጋዝ ያለበት ምድር ነው። የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም የሚለው አባባል ዳሎል ላይ ሲደርስ ያከትማል።

ቆዳ ያለ ልክ የሚያስገባበት አጋጣሚም አለ፤ ይህንንም የጋሞ ደጋና የወላይታ ሕዝብ በመከራ ያውቀዋል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄዱ ገበሬዎችን የሚያጠቃውና ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የእግር ማበጥ፣ በተለምዶም ከዝሆኔ በሽታ ጋር የሚቆጠረው፣ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች በእግር ቆዳ በኩል ገብተው የሊንፍ ቱቦዎችን፣ ማለትም ከሕዋሳት መካከል ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን መስመሮች፣ በመጉዳታቸው የሚመጣ መሆኑ ይታመናል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው ሐኪም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር በሽታው ከትንኝ ሳይሆን ከአፈር መምጣቱን አሳይቷል። ሕክምናውም ማዕድን መጨመር ሳይሆን ማራቅ ነው፤ እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ የተሰነጠቀውን ቆዳ በቫዝሊን ማለስለስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ስለዚህ ለገላ የሚበጀው ቆዳን የማዕድን መግቢያ ማድረግ ሳይሆን ግድግዳነቱን መጠበቅ መሆኑን የሚያስተምር ማስረጃ ከጫኖ በላይ ባለው ዳገት ላይ ይገኛል።

ማግኒዚየም ነፍስ የሚያድንበት ስፍራ ደግሞ የወሊድ ክፍል ነው። ፕሪኤክላምፕሲያ በእርግዝና ወቅት የደም ግፊት ከፍ ብሎ እንደ ኩላሊትና ጉበት ያሉ አካላት የሚጎዱበት ሕመም ሲሆን፣ ወደ ኤክላምፕሲያ ሲሸጋገር እናቲቱን ያንቀጠቅጣታል፤ ይህን ማንቀጥቀጥ ለመከላከልና ለማከም የሚመረጠው መድኃኒት ያው የኤፕሰም ጨው፣ ማግኒዚየም ሰልፌት ነው። በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶችን ያሳተፈውና ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ማግፓይ የተሰኘ ጥናት፣ መድኃኒቱ የኤክላምፕሲያን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። በተለመደው አሰጣጥ መጀመሪያ 4 ግራም በደም ሥር በዝግታ ይሰጥና 10 ግራም ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱም መቀመጫ ጡንቻ ይወጋል፤ ከዚያም ነርሷ የእናቲቱን ጉልበት በትንሽ መዶሻ መታ እያደረገች እግሯ መወንጨፉን ታያለች፣ ትንፋሿን በደቂቃ ትቆጥራለች፣ የሽንቷን መጠን በየሰዓቱ ትለካለች። ማግኒዚየም በደም ውስጥ ከልክ ካለፈ በመጀመሪያ የጉልበቱ መወንጨፍ፣ ቀጥሎም ትንፋሹ ስለሚጠፋ፣ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት አጠገብ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። በመርፌ ሲገባ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚጠይቀው ጨው በገላ መታጠቢያ ውስጥ እፍኝ ሙሉ ሲበተን ማንንም አለማፍዘዙ፣ ከሙቁ ውሃ ወደ ደም የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ለመሆኑ አንድ ምልክት ነው።

ይህ ማለት መቀባቱና መዘፍዘፉ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የሙዝ ዘለላ ተሸክሞ የዋለ ትከሻ በሙቅ ውሃ ሲዘፈዘፍ ወይም በእጅ ሲታሽ ይፍታታል፤ ሙቀቱ የደም ዝውውርን ይጨምራል፣ መታሸቱም ሕመሙን ያስታግሳል፤ የሚያሳስተው ምስጋናው ለማዕድኑ ብቻ መሰጠቱ ነው። ቆዳው ራሱ ከማግኒዚየም የሚጠቀምበት ሁኔታም አለ፤ ማግኒዚየም በበዛበት የሙት ባሕር ጨው ደረቅ ቆዳ ያለባቸው ሰዎች ክንዳቸውን ሲነክሩ የቆዳቸው መከላከያ እንደተሻሻለና መቅላቱ እንደቀነሰ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አመልክቷል። ማግኒዚየም ሰልፌት ከግሊሰሪን ጋር ተለውሶ እባጭ ላይ የሚደረግበት የቆየ የሕክምና ልማድም፣ ጨው እርጥበትን ወደ ራሱ ስለሚስብ በቦታው ላይ የሚሠራ እንጂ ወደ ደም የሚሰደድ አይደለም። የሌሊት የጡንቻ መሸማቀቅን በተመለከተ ደግሞ፣ ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ተቋም በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማ በአፍ የሚወሰደው ማግኒዚየም እንኳ በአረጋውያን ላይ ትርጉም ያለው ጥቅም እንደማያመጣ ስለገለጸ፣ በቆዳ የሚቀባው የተሻለ ውጤት ይሰጣል ብሎ ለመጠበቅ መሠረት የለም።

የማግኒዚየም ዋናው በር አፍ ነው፤ በጫኖ ደግሞ ይህ በር ሁልጊዜ ክፍት ነው። ቅጠል አረንጓዴ የሚሆንበት ክሎሮፊል በሞለኪውሉ መካከል አንድ የማግኒዚየም አቶም ስላለው፣ አረንጓዴ ቅጠል የሚበላ ሰው ማግኒዚየም ይበላል፤ በአማርኛ ሽፈራው፣ በጋሞዎች ዘንድ ሀለኮ የሚባለውና ከጎመን ይልቅ ከየጓሮው ዛፍ የሚለቀመው ቅጠል፣ ከበቆሎ ዱቄት ጋር ኩርኩፋ ሆኖ ሲቀርብ፣ ቅጠሉም እህሉም ማዕድኑን ያካፍላሉ። ጥሬ ጤፍ በ100 ግራም 180 ሚሊግራም ያህል፣ ያልተፈተገ በቆሎ 127 ሚሊግራም ያህል ሲይዙ፣ ሰሊጥና የዱባ ፍሬ ከሁለቱም ይበልጣሉ፤ አካባቢው የሚታወቅበት ሙዝ ግን በ100 ግራም 27 ሚሊግራም ገደማ ስለሆነ ከስሙ ያነሰ ነው። ከእህል ላይ ፉርሽካው ሲወገድ አብዛኛው ማግኒዚየም አብሮ ስለሚሄድ፣ ነጭ ዱቄት ከሙሉው እህል ይከስራል፤ ሊጡ ሲቦካ ደግሞ ማዕድንን አጥብቆ የሚይዘው ፋይቴት የተባለ ውሁድ ስለሚቀንስ፣ እርሾ ገብቶበት የተጋገረ እንጀራ ማዕድኑን ይበልጥ ይለቃል።

እውነተኛ የማግኒዚየም እጥረት የሚከሰተው ለረጅም ጊዜ በተቅማጥ በተጎዱ፣ አልኮል በሚያበዙ፣ ቁጥጥር በጎደለው የስኳር ሕመም በሚሠቃዩ ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ ሲሆን፣ ለጨጓራ የሚታዘዘው ኦሜፕራዞል ለዓመታት ሲወሰድም ማግኒዚየምን ሊያሳንስ ይችላል። ለእነዚህ ሰዎች መፍትሔው በጤና ተቋም ደም መመርመርና በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ ትርፉን ማስወጣት ስለማይችል፣ ማግኒዚየም ያለበትን የጨጓራ ሽሮፕም ሆነ ማንኛውንም ተጨማሪ ማዕድን ያለ ሐኪም ምክር መውሰድ አይገባውም። ጤነኛው ሰው ትከሻውን በሙቅ ውሃ ቢዘፈዝፍ፣ እግሩን ቢያሽና ቆዳውን በቅባት ቢያለሰልስ መልካም ነው፤ ማግኒዚየሙን ግን ከማዕዱ ይፈልግ፤ የማግኒዚየም ዘይት ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠው ውድ ውሃ የሚጠይቀውን ገንዘብም ለሀለኮው፣ ለሰሊጡና ለጤፉ ቢያውለው ይሻለዋል።