ባለቤቱ ራሱን ሲንቅ

በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ «የራስን ድርጅት ስለ ማቋቋም ተናገሪ» ብለውኛል። ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ብድር ከእኔ በተሻለ የሚያስረዱ ሰዎች እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ስላሉ ያንን ለእነሱ ልተው። እኔ የማነሳው ብዙዎቻችን የምናውቀውን፣ ግን ሻይ ይዘን ስንቀመጥ እንኳ የማናወራውን ጉዳይ ነው።

ከዚህ ግቢ በኬሚስትሪ ተመርቄ ዛሬ ፈሳሽ ሳሙናና በረኪና የሚያመርት አነስተኛ ፋብሪካ አለኝ። 23 ሠራተኞች አሉኝ። እንደዚያም ሆኖ «ዋና ሥራ አስኪያጅ» ከሚለው ጽሑፍ በላይ በፈረምኩ ቁጥር ውስጤ «ማን ነኝ ብለሽ ነው?» ይለኛል። አንድ ቀን እውነተኛው ሥራ አስኪያጅ መጥቶ ወንበሩን የሚያስለቅቀኝ ይመስለኛል።

ይህ ስሜት ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ1978 ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ አትላንታ በሚገኘው ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሆነው አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። ከ150 በላይ ስኬታማ ሴቶችን አይተው ነበር። የተማሩ፣ በሙያቸው የተከበሩ ሴቶች ናቸው፤ ግን «ሰው ተሳስቶ ነው የሚያከብረኝ» ብለው ያምናሉ። ዛሬ «ኢምፖስተር ሲንድሮም» እየተባለ ይጠራል። እነሱ ግን የሚታይ ክስተት አሉት እንጂ ሲንድሮም አላሉትም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በሚያወጣው የሕመሞች መመደቢያ መጽሐፍ ውስጥም የለም። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ወንዶችም ላይ አግኝተውታል። ስለዚህ ወንድሞቼ፣ አትሳቁ፤ እናንተም አላችሁበት።

ለምንድን ነው የድርጅት ባለቤትን እንዲህ የሚይዘው? አንደኛው ምክንያት፣ እኔ እንደማየው፣ አራሚ ማጣት ነው። እዚህ ግቢ እያለን ግሬድ ይለጠፋል። ኤፍም ይሁን ኤ፣ የት እንደቆምን እናውቃለን። ሳሙናም እንደዚያው ነው። 1 ኪሎ ሞራ ወደ ሳሙና ለመለወጥ 140 ግራም ገደማ ኮስቲክ ሶዳ ይበቃዋል። አብዝቼበት እንደሆነ አንድ ጠብታ ፌኖልፍታሊን ሮዝ ሆኖ ይነግረኛል። ሰው ቀጥሬ፣ ብድር ወስጄ፣ ዋጋ ቆርጬ ስገባ ግን ማን ያርመኛል? ጠብታ የለውም። ትርፍ ሲገኝ «ገበያው ደህና ስለነበር ነው» እላለሁ፤ ኪሳራ ሲመጣ «ይኸው፣ ድሮም አልችልም» እላለሁ። በዚህ ዓይነት አቆጣጠር ማንም ሰው አያልፍም።

ሁለተኛው ምክንያት አስተዳደጋችን ነው። «ጎበዝ» ስንባል «ኧረ ምን አድርጌ» እንላለን። «ሥራ እንዴት ነው?» ሲሉን «እንዲያው እየሞከርን ነው» ነው መልሳችን። ግማሹ ጨዋነት ነው፤ ግማሹ የሰው ዓይን መፍራት። በዚህ አላፍርም፤ ያሳደገን ወግ ነው። ችግሩ ለሰው ብለን የተናገርነውን እኛው ማመን ስንጀምር ነው። 10 ዓመት ሙሉ «በዕድል ነው» ያለ ሰው፣ በ11ኛው ዓመት እጁ የሠራውን አያውቀውም።

ስሜት ብቻ ሆኖ ቢቀር እዚህ ቆሜ አላደክማችሁም ነበር። ግን ገንዘብ ያስከፍላል። አንድ ሆቴል «ዋጋ አቅርቢ» ሲለኝ ጥሬ ዕቃውን፣ ጀሪካኑን፣ መብራቱን፣ ደመወዙን፣ ማጓጓዣውን እደምራለሁ። ትርፉን ልጨምር ስል ያ ድምፅ «ይህን ያህል ለአንቺ ማን ይከፍላል?» ይላል። እጄ ወደ ታች ይጎተታል። እዚያ ላይ የምትቀነሰው ብር ከእኔ ፍርሃት ብቻ አትቀነስም፤ በርሜሉ አጠገብ ቆማ ከምታማስለው፣ በየወሩ ዕቁብ ከምትጥለው ሠራተኛ ደመወዝ ላይ ነው የምትቀነሰው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። ባለቤቱ ራሱን ከናቀ ግን ሌላ ነቅናቂ አያስፈልግም፤ አጥሩን ራሱ ይነቀንቀዋል።

ስለዚህ በቤታችን አንድ ደንብ አለ። ዋጋ የሚሠራው ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጋር ሆነን ነው። ከተጻፈ በኋላ መቀነስ ይቻላል፤ ግን ምክንያቱ ወረቀቱ ላይ መስፈር አለበት። ብዙ ይወስዳሉ፣ ቅድሚያ ይከፍላሉ፣ ሌላው አምራች በዚህ ይሸጣል፤ እነዚህ ሁሉ ምክንያት ናቸው። «ፈራሁ» ምክንያት አይደለም፤ ወረቀት ላይም ለመጻፍ ያሳፍራል።

ሌላው የረዳኝ አለማወቅን መለየት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በባንክ የዶላር ዋጋ በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 75 ብር ገደማ ዘለለ፤ ከዚያም ቀጠለ። እኔ የምጠቀመው ሰልፎኒክ አሲድም ቴክሳፖንም ከውጭ ነው የሚመጣው። በየትኛው ዋጋ እንደምገዛ ሳላውቅ በየትኛው ልሽጥ? የዚያን ሳምንት «እውነተኛ ነጋዴዎች አሁን ምን እንደሚያደርጉ ያውቃሉ» እያልኩ ነበር። ከ20 ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ለቆዩ፣ ጋሼ ለምላቸው አምራች ደወልኩ። «ልጄ» አሉኝ፣ «እኔም ካንቺ ልጠይቅ ስልክ ላነሳ ነበር።» በኅብረት ስንሳቅ ጭንቀቱ ግማሽ ሆነ። ለደንበኞቻችን ዋጋው የሚጸናው ለ7 ቀን ብቻ መሆኑን ጽፈን ለመላክ የወሰንነውም እዚያው ስልክ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደብተሬን በሦስት ከፍያለሁ። በመጀመሪያው ዓምድ እኔ ራሴ ማወቅ ያለብኝ ይጻፋል፦ የምርቴ ጥራት፣ በእጄ ያለው ጥሬ ገንዘብ፣ የሠራተኞቼ ደኅንነት። እዚህ ላይ ክፍተት ካለ ስሜት አይደለም፤ ቁጭ ብሎ መማር ነው። በሁለተኛው ሌላ ሰው ሊያውቅልኝ የሚችለው ይገባል፦ የቫት ሒሳብ፣ የውል አንቀጽ፣ የማሽን ጥገና። ይህን አለማወቄ አስመሳይ አያሰኘኝም፤ ባለሙያ መቅጠር ራሱ የሥራ አስኪያጅ ሥራ ነው። በሦስተኛው ማንም የማያውቀው ይቀመጣል፦ የከርሞ ምንዛሪ፣ የከርሞ ገበያ። ጭንቀት ሲይዘኝ ደብተሩን እገልጣለሁ። ብዙውን ጊዜ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ ያለው ነው፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ሁላችንም እኩል ነን።

አንዲት ወጣት ምሩቅ በቅርቡ «ይህ ስሜት መቼ ነው የሚለቅሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አለቀቀኝም። ሙሉ በሙሉ እንዲለቀኝም አልፈልግም። ጀሪካኑ ከመታሸጉ በፊት ፒኤቹን ደግመሽ ለኪ የሚለኝ እሱ ነው። እንደ ጥበቃ በር ላይ ይቁም፤ ይጠይቅ፣ ይፈትሽ። ቢሮ ገብቶ ዋጋ እንዲቆርጥና ደመወዝ እንዲወስን ግን አልፈቅድለትም።

ለመምህሮቻችን አንድ ልመና አለኝ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቻችሁ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ያም ሌላ አራሚ ያለው ፈተና ነው። ከመውጣታቸው በፊት ቢያንስ አንድ መልሱ መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ሥራ ስጧቸው። አንድ ዕቃ አምርተው፣ ዋጋ ቆርጠው፣ ሸጠው፣ ሒሳቡን ይዘው ይምጡ። እናንተም አንዳንዴ ፊታቸው «አላውቅም፣ እንፈልገው» በሏቸው። ከእናንተ አፍ የሰሙት «አላውቅም» ብዙ ዓመት ይጠቅማቸዋል።

ለባቾቼ ደግሞ ይህ ነው። ነገ ከመበተናችን በፊት እያንዳንዳችሁ የራሱ ድርጅት ያለው አንድ ሰው ያዙ። ስልክ ብቻ አትለዋወጡ፤ ቀን ቆርጣችሁ ደብተር ለደብተር ተያዩ። ዶርም ውስጥ እንዲህ ነበር የምናጠናው፤ አንዱ የሠራውን ሌላው ያርመዋል። ባለቤት አራሚ የለውም ብያችኋለሁ። አራሚ ልንሆንለት የምንችለው እኛው ነን፤ ሲያጠፋ «ይህን አስተካክል»፣ ሲሠራ ደግሞ «ይህን አንተ ነህ የሠራኸው፣ ዕድል አይደለም» የምንለው።